የግራ እግር

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ጣሪያው ሰባት ቦታ ዝናብ የሚያስገባ
አንድ ጋራዥ ነበር፤ መብራት ያዡ እኔ፣
አሥራ ሦስት ቁልፍ ሲባል አሥራ አራት አቀባይ፣ ያኔ።

አለቃዬ አያ ሽባባው ነው፤
ግራ ጆሮው ድሮ ከመዶሻ ጋር ሄዷል፣ ቀኙም ለሐሜት ብቻ ነው።
ግን ረጅም ካቻቢቴ አለው፤
እጀታውን በጥርሱ ነክሶ፣ ጫፉን ከብረቱ ደግፎ፣
ይሰማል በአጥንቱ፣ ጆሮውን አልፎ።

ጥር አጋማሽ ላይ ይሁኔ መጣ፤
የቡሬ በርበሬ እስከ ጣሪያዋ ጭኖ፣ እያስነጠሰ ወጣ።
ፔጆ ናት፣ አራት መቶ አራት፣ ቀለሟ ነጭ የነበረ፣
የኋላ በሯ በሽቦ የታሰረ።
«ትጮኻለች» አለ፣ ገና ከደረጃው ሳይወርድ፣
«እህል እንዳለቀበት ወፍጮ፣ ድንጋይ ድንጋይን ሲያርድ።
ባሕር ዳር ሁለቴ ፈቷት፤ አዲስ ፍሪሲዮን ገባ፣
ሁለት ወር ሳይሞላት ያው ለቅሶ፣ ያው እንባ።»
ማርቆስ ላይ አንዱ፣ ካምቢዮው ይቀየር ብሎ ዋጋ ተናገረ፤
ዋጋውን የሰማ ዕለት ይሁኔ እራት ሳይበላ አደረ።

አያ ሽባባው ቁልፍ አላነሣም፤
«ያልጠየቅነውን ብረት አንፈታም።»

«አስነሣ» አለው። «ማርሽ ባዶ፤ እግር መሬት።»
ጸጥ። ሞተሩ ብቻ ያመነዥካል፣ እንደ በሬ ሌሊት።
«አሁን ርገጥ። ቀስ ብለህ። እስከ ታች።»
ጣት ያህል እንኳ ሳይወርድ ጮኸች።
«ልቀቅ።» ዝም። «ርገጥ።» ሲቃ።
ካቻቢቴው በጥርሱ መሃል ይንዘፈዘፋል፤
የእኔም እጅ ደነዘዘች፣ መብራቱን አጥብቃ።

«ካምቢዮ ቢሆን» አለ ከሥሯ ሲወጣ፣ አፉን እየጠረገ፣
«ስታነሣ ይጮህ ነበር፣ ስትረግጥ ዝም እያለ፤ ይኼ ተቃራኒውን አደረገ።
ማርሽ ቢሆን፣ ከሦስት ወደ አራት ስትል ይለይህ ነበር ዘፈኑ፤
አንድ ጥርስ ሲታመም አንዱ ነው የሚያለቅስ፣ ሌሎቹ ምን በወጣቸው ያዝኑ?
ኩሽኔታው ነው። እግርህ ሲጫነው የሚዞር፣ ስትለቀው የሚያርፍ።
ግን እሱ ዓመታት ይኖራል፤ በሁለት ወር እንዴት ይርገፍ?»

ይሁኔ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ውሰደኝ» አለው፣ «እስከ ጅጋ»፤
እኔ ከኋላ፣ ጆንያው ላይ፣ በርበሬ ዓይኔን ሲወጋ።
መንገዱ ሜዳ ነው። አራተኛ ማርሽ። ፍየል እንኳ አልተሻገረ፤
አያ ሽባባው ግን መንገድ አያይም፣ ጫማ ሲያይ ነበረ፦
የይሁኔን ግራ ጫማ፣ ከፔዳሉ ሳትርቅ፣
እንደ ተኛ ልጅ ደረት ላይ እጅ፣ ሳትጫን፣ ሳትለቅ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»
«ምኑ?»
«እግርህ።»

ይሁኔ ቁልቁል አየ፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል፤
ጅጋ መግቢያ ላይ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም፤ ጸጥታን ፈርቶ መሰል።
«ከደጀን ቁልቁል» አለ፣ «ዓባይን ስንወርድ፣ ከፊቴ ስንሻው ነበረ።
ፍሬን እምቢ አለው። ማርሽ ሊቀንስ ሞከረ፤
አልገባለትም። የጥርሱ ፍጭት እኔ ዘንድ ደረሰ።
ከዚያ መታጠፊያው ላይ አቧራው ቀስ ብሎ ፈሰሰ።»
ጥቂት ቆየና፣ «እግሬን አላዘዝሁትም» አለ። «እኔ እንጃ።»

በማግስቱ ካምቢዮውን አወረድን፤ ኩሽኔታው ተቃጥሎ፣
በመዳፌ ሳዞረው ይንኮሻኮሻል፣ አሸዋ የበላ መስሎ።
አዲሱን ገጠምን። ስለ ስንሻው አያ ሽባባው አንዳች አልተናገረ፤
ከፔዳሉ በስተግራ ግን የባሕር ዛፍ ጉማጅ በሁለት ብሎን አሰረ።
«እዚህ ትረፍ» አለ፤ ለእግሩ ነው፣ ለሰውየው አልነበረ።

ሒሳቡን ግማሹን በብር፣ ግማሹን በበርበሬ ከፍሎ
ይሁኔ ወጣ፣ ወደ ላህ ድልድይ ቁልቁል ብሎ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማርሽ ሲቀይር ቆመን አዳመጥን፤
አያ ሽባባው ደህና ጆሮውን ወደ መንገዱ፣ እኔም እጄን ከጆሮዬ ኋላ አድርጌ ነበርን።

«ምን ትላለች?» አለኝ። ከዚያ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም።
«ምንም» አልኩት።
«እግሩስ?»
«ከዚህ አይሰማም።»