በረዶ በደረጃው

ከቂርያት ጋት ወፍጮ ጎህ ሲቀድ ስመለስ፣
ደረጃው ላይ ቆሜ አራግፋለሁ ልብስ።
ጎረቤቴ ቫርዳ ውሻዋን ይዛ ስትወርድ
«ዛሬም በረዶ ጣለ?» ትለኛለች በቀልድ።
እስቃለሁ። ጺሜን ግን ሦስት ጊዜ ታጥቤ
ነው ሂላን የምስማት፣ ከአልጋዋ ቀርቤ።

ስምንት ዓመቷ ነው። ሐኪሟ የዚያን ዕለት
«ስንዴና ገብስ» አለች፣ «ዕድሜ ልክ ይቅርባት»፤
እጄን ኪሴ ከተትኩ፣
ዱቄት ነበረበት።

እንጀራዬ ስንዴ፤ ሕመሟ እንጀራዬ።
ማንን ልክሰስ?
ደመወዜ ከስንዴ ጆንያ ይወጣል፣
እንደ ካርቶን የደረቀ ዳቦዋን በእጥፍ ይገዛል።
ማማሰያዋ ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ፣
ድስቷን እኔም ብሆን ሳልታጠብ አልነካም፤
የሱቁን ጤፍ እንኳ «ምን ቀላቀልክ?» እላለሁ፣
ባለሱቁ ፈንታሁን ይምላል፤ አልሰማም።

ለፋሲካ ሳምንት ወፍጮው ጸጥ ይላል፣
ከተማው በሙሉ ፍርፋሪ ያድናል፤
ከሶፋ ሥር፣ ከመኪና ወንበር፣ ከኪስ ስፌት።
ሂላ በመስኮት አየችና
«አባ፣ ሁሉም ሰው ታመመ እንዴ?» አለች።

ማታ ማዕድ ቀረበ።
ቂጣውም ስንዴ ነው።
አጎቷ አስረስ ከፍ አድርጎ አሳየን፦
«ይህ የመከራ እንጀራ ነው።»
እሷ የአጃዋን ቂጣ ከፌስታል አውጥታ
ቆርሳ አቀበለችው፤ አላመጠ፣ አላመጠ፣
ውኃ ጠየቀ።
«የኔ ይብሳል፣ አይደል?» አለች፣
ኮራ ብላ።

በስምንተኛው ቀን ወፍጮው ይነሣል።
ደረጃው ላይ እንደገና በረዶ ይጥላል።