የዙምራ ወንፊት

ሰው ይጠይቀኛል፣ አምባሩን ገልብጦ፣
የጆሮ ጉትቻውን በጣቱ ጨብጦ፤
«የማን እጅ ነው?» ይላል። «የኔ ነው» እላለሁ፤
ግማሹ ውሸት ነው፣ እኔ ግን አውቃለሁ።

ደሴ፣ አራዳ ቁልቁለት፣ ከሰዓት ሠሪው ደጅ፣
አንዲት ጣውላ አለችኝ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት እጅ።
የጦሳ ጭጋግ ሲወርድ ብሩ ይጠቁርብኛል፣
መብራት የጠፋ ዕለት ሻማ ዓይኔን ይበላኛል።
የቀረው በሙሉ ከሌላ ቤት መጣ፤
ልቁጠረው፤ ዛሬ እንኳ አፌ እውነቱን ያውጣ።

ሙሄ ከደላንታ ሐሙስ ላይ ይመጣል፤
ኦፓሉን በሽሮፕ ጠርሙስ ዘፍዝፎታል።
አረንጓዴ እሳቷ፣ የውስጧ ብልጭታ
ዓይኔን ይዛው ስትቀር፣ ልቤ ሲያመነታ፣
«እቺን ተያት» ይላል፤ «ውሃ ነው ያስዋባት፣
ደርቃ ሳምንት ሳይሞላት ስንጥቅ ነው የሚያገኛት።»
የገዛ ዕቃውን ከእጄ ላይ ነጥቆ
ሳይሸጥ ይሄዳል፣ በባዶ ኪስ ስቆ።

ኮምቦልቻ ወርጄ ከድር ጋራዥ ገባሁ፣
በሲጋራ ወረቀት ቅርጹን ጠቅልዬ አሳየሁ፣
«ቀለበት የሚለካ ዘንግ ይሠራልኝ» አልሁ።
ሳቀ። «የአይሱዙ ነው ሥራዬ፣ ጣት አላውቅም እኔ።»
ግን የተሰበረ አክስል ቶርኖው ላይ አስሮ
ሲሞርደው አመሸ፣ ምሳውን አሳድሮ።
ዋጋውን ብጠይቅ፣ ዘይት እጁን ጠርጎ፣
«ልጄ ጆሮ ተበሳች» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ክሩን በሰም የሚያሽልኝ ወሰን፣ ጫማ ሰፊው፣
የሚለካው በራሱ ክንድ ነው፤ በረጅሙ፣ በሰፊው።

ዙምራ ሰኞ ገበያ ጨሌ ነው የምትሸጥ፣
በሲኒ እየሰፈረች እፍኝ ምርቃት የምትሰጥ።
አፏ ስስታም ነው፤ «ከሰርኩልሽ» ትላለች፣
በዚያው እየማለች ደግማ ትዘግናለች።

ያን ጊዜ፣ ከተማው ከቤቱ ሲፈልስ፣
እኔም ልጄን አዝዬ ሸሸሁ፣ ቀን እስኪመለስ።
ስመጣ መዝጊያው የለም፣ መስታወቱ ደቅቋል፣
ብሩን ወስደውታል፣ ጣውላው ተሰብሯል፣
የዐሥር ዓመት ዶቃ ወለል ላይ ፈሷል፣
ቀይ ከሰማያዊ፣ ከስብርባሪ ጋር ተደባልቋል።
ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። መጥረጊያም አላነሣሁ።

በማግሥቱ ዙምራ ወንፊት ይዛ መጣች፣
አይዞሽም አላለች፤ ሻሿን አጠበቀች፣
ነፋች። የመስታወት ዱቄት ከሥር ይዘንባል፣
ዶቃው ከላይ ቀርቶ ይንኳኳል፣ ይዘላል።
ጣቷ ሲደማባት መጥጣው ቀጠለች፤
«ይኼ ቀይ የኔ ነው፣ ዱቤ የወሰድሽው» አለች።
ያን ቀን ነው፣ ከሸሸሁ ወዲህ፣ መጀመሪያ የሳቅሁት።

ሦስት ቀን ነፋች። በአራተኛው በሲኒ ሰፍራ
በየቀለሙ ለይታ ደረደረችው በተራ።
የኔ ጉሮሮ ደርቆ አንድ ቃል አልወጣው፤
ምስጋና ከባድ ነው፣ ብየዳም አይዘው።

የቀለበት ሆድ ጠባብ ነው፤ አንድ ፊደል ይይዛል፣
እሱንም ቀድሜ የኔ ስም ወስዶታል።
የሙሄ «ተያት» የት ይጻፍ? የከድር ምሳ የት ይግባ?
የወሰን ክንድ ርዝመቱ በየትኛው ዶቃ ይነበባ?
አሁንም አንዳንዴ፣ ከዚያ ከተነፋው መሀል፣
አንዲት የመስታወት ቅንጣት ዶቃ መስላ ትገኛለች፤
አልጥላትም። በብልቃጥ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ናት።

«የማን እጅ ነው?» ሲሉኝ ዛሬም «የኔ» እላለሁ፤
ከዚያ ሱቄን ዘግቼ ሰኞ ገበያ እሄዳለሁ።
የዙምራ አርባ ብር አለብኝ፤ ልከፍላት ኪሴን ስበረብር፣
«ይደር» ትላለች ዙምራ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ይደር፤
ዕዳው ካለቀማ ምን ያመጣሻል እዚህ ሰፈር?»