ውል

በዳንዩብ ዳር ባለች፣ በትንሿ ከተማ፣
ማክሰኞ ማለዳ፣ ሰው ደወል ሳይሰማ፣
ጠርሙስ ይዤ ወርጄ፣ ውሃ እቀዳለሁ፤
ቀን ጽፌ፣ ሰዓት ጽፌ፣ ክዳን እዘጋለሁ።
ሥራዬ ይኸው ነው።

ዛሬ አዳራሽ ጠሩኝ፤ ልብሴን እንኳ ሳልለውጥ፣
በቦቲ ጫማዬ፣ ከኋላ ልቀመጥ።
ከፊት ሦስት ብዕር፣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ፣
(የታሸገ ነው። ከኛ ወንዝ ማን ይጠጣል፣ ሀብታም ሆነ ድሃ?)

የቀለም ፋብሪካው፣ ያገር ማዶ እንደራሴ፣
ወይዘሮ አንሊዝ ቆማ፣ «ወንዛችሁ» አለች፣ «ነፍሴ»።
ከንቲባው ሳቀላት። የማኅበሯ ልጅ ካሊናም ሳቀች፣
ስድስት ዓመት ሙሉ በፋብሪካው ደጃፍ ሰሌዳ ይዛ የቆመች፣
ዛሬ አጠገባቸው ወንበር ያገኘች።
እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ማን ይጠነቀቃል?
ውሃ ድሮም ቢሆን፣ ሲወስድ ያሳስቃል።

ራዶይ ግን አልሳቀም። መረቡን ይዞ መጥቶ፣
ከጎኔ ይቋጥራል፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ።
ዓሣው ካለቀ ቆይቷል፤ ጆሮውም ደካማ፤
«ምን አሉ?» አለኝ። «ውል!» አልኩ፣ አዳራሹ እስኪሰማ።

«ውልማ ይኸው» አለ፣ ክሩን እያሳየ፣
«ጫፉን የያዘው ሰው፣ ማን እንደሁ ከታየ፣
ይፈታል፣ ይቋጠራል። ጫፉ የጠፋ እንደሆን፣
እንኳን ሦስት ሆነን፣ መቶም ብንሆን፣
ስንጎትት፣ ስንጎትት፣
ልቃቂቱ ነው የሚጠብቅብን።»

አሥራ አራት ገጽ ታደለን። «በጋራ» የሚለው ቃል፣
ስልሳ አንድ ጊዜ ቆጠርኩት፣ ጓዳ ሞልቶ ይተርፋል።
«እኔ» ግን የለበትም።
ገጽ ዘጠኝ ግርጌ ላይ፣ ውሃውን ማን ይለካል ሲል፣
«እንደ አስፈላጊነቱ፣ የሚመለከተው አካል።»

ፈረሙ። ተጨበጨበ። ካሜራ ብልጭ አለ፤
በመስኮቱ በኩል ጭሱ፣ ምንም ያልሰማ መሰለ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ወንዙ ጉም ለብሶ፣
ወይዘሮ አንሊዝ ቆማለች፣ የከተማ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ።
ብቻዋን ናት።
«ልቅዳ?» አለች። ሰጠኋት። እጇ ተንቀጠቀጠ፤
ጠርሙሱ ሞላ፤ ቀለሙ ካምናው አልተለወጠ።

ወረቀቱ ላይ «የቀጂው ስም» ይላል።
የኩባንያውን ስም ጻፈች። ሰረዝኩት።
«ወይዘሮ፣ ኩባንያ ጠርሙስ አይዝም» አልኳት።
ብዕሩን ይዛ ቆየች። ጉሙ እስኪገፍ ጠበቅኋት።

ማዶ፣ ከጀልባው ላይ፣ ራዶይ ክር በጥርሱ ይዞ
ያየናል፤ መርፌው በአየር ላይ ፈዞ።