አንድ አውራ ጣት ያህል

ከዘንዘልማ ስነሣ ሦስት መቶ እንቁላል፤
ሽምብጥ ላይ ሳወርድ ሰባቱ ጎድሏል።
ሌባ አልነካቸውም፤ ቆጥሬ ነው የጫንኩ፣
ባለሦስት እግሬ ነው ነዝሮ የሰበረ፣ እኔ ነኝ የከፈልኩ።

ደኅና ነበር እኮ! አምና ስገዛው ከአጎቴ ተበድሬ፣
ሣጥኑ ላይ በቀይ «ቀስ ሲሉ ይደረሳል» ብዬ አሳምሬ።
ከፋሲካ ወዲህ ግን አንዳች ነገር ገባው፤
ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ በአርባ ስነዳው፣
ከወንበሬ ሥር የሚነሣ መንዘፍዘፍ
በመሪው ዞሮ፣ ክንዴን ወጥቶ፣ መንጋጋዬ ላይ የሚያርፍ።

ማታ ቁልፍ ነቅዬ እቤት ስገባ
ሞተሩ ይጠፋል፤ እጄ ግን አይጠፋም።
የያዝኩት ብርጭቆ ከሰሐኑ ጋራ ጥርስ ይገጫል፣
እኔ ቁጭ ብዬ ትከሻዬ ይጋልባል።
«አንተ» አለች አንጓች፣ መብራት ልታጠፋ፣
«ውረድ እንጂ ከሱ፤ ሌሊትም ልትለፋ?»

አሥራ አራት ቀበሌ «ጎማው ነው» አሉኝ፤ ጎማ ቀየርኩ።
ግሽ ዓባይ ብወስደው «ኩሽኔታ» አሉኝ፤ ኩሽኔታ አስገጠምኩ።
አንዱማ «የመንገዱ ነው» ብሎ ሳቀና፣ ሻዩን እኔ ከፈልኩ።

ጋሽ ቢምረው ግን፣
ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር፣ ቆርቆሮ ተደግፎ የሚሠራው፣
ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ጆሮውን አዋሰው።
የዘይት ክዳን ውኃ ሞልቶ ወንበሬ ላይ አኖረ፤
«አስነሣው» አለኝ፤ ውኃው ክብ እየሠራ ጫፉን ተሻገረ።
«አጥፋው።»
በጎኑ ተኝቶ መከለያ ፈታ።
ቺንጋው ታየ፦ ያብለጨለጨ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣
ከፑሌጃ ፑሌጃ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ላልቶ የፈሰሰ።
በአውራ ጣቱ ሆዱን ተጫነው፤ ጣቱ ሰመጠ።

«አጥብቀው!» አልኩ እኔ፣ «ክርር እስኪል ድረስ፣ ዳግም እንዳይላላ!»
ቀና ሳይል ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ ነጣ በሞተሩ ጥላ።
«ልጅ ሆኜ ታንኳ አስር ነበረ፣ ደንገል በደንገል።
የመጀመሪያዋን በጉልበቴ ተጭኜ፣ ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኋት፤
ገመዱ ደንገሉን በላው፤ ከዘጌ እንጨት ጭኜ
መሐል ውኃ ላይ በየፊናዋ ሸኘኋት።
ሁለተኛዋን ፈርቼ አላላሁ፤
እሷም እየጠጣች እየጠጣች ወደ ታች ወረደች፣ እኔ በዋና ወጣሁ።»
«ሦስተኛዋስ?»
«ሦስተኛዋን ሸጬ ይችን ቁልፍ ገዛሁ።»

ሁለት ቡሎን አላልቶ፣ ሦስተኛውን ትቶ፣
ሞተሩን በዱላ ወደ ኋላ ገፍቶ
(ስንዝር አይደለም፣ ጣትም አይደለም፣ የጥፍር ነጭ ያህል)
ሲባጎ ዘረጋ በሁለቱ ፑሌጃ ፊት፤
አንደኛዋ ለካ አኩርፋ ኖሯል፣ ፊቷን አዙራበት።
አስታረቃቸው፤ ደግሞ ተጫነው በአውራ ጣት።
«ይኸውልህ» አለኝ፣ «ሲጫኑት እሺ ይበል፣ ሲለቁት ይመለስ፤
መቶ ሃምሳ ብር ነው፤ ዝርዝር ከሌለህ ነገ አምጣው ስትመለስ።»

በዘንባባው መንገድ አርባ ገባሁ፤ አርባ አምስት።
ወንበሩ ዝም።
መስተዋቱ ውስጥ ሐይቁ ተንጠልጥሏል፣
እንደ ሰሞኑ ሳይበጣጠስ፣ አንድ ሉክ ሆኖ።

ተመልሼ «ትንሽ ቀርቷል» አልኩት፤ «መንዘር አለ፤ ይኸው።»
በጨርቅ የጠረገውን እጁን ዘርግቶ እጄን ያዘው።
«ሞተሩ ጠፍቷል» አለኝ።
ዞሬ አየሁት። ጠፍቷል።
«ይሄኛው ቺንጋ የለው፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል።»

ማግስቱን ሦስት መቶ ጫንኩ፤ አንዷ ብቻ ተሰነጠቀች።
በመዳፌ አቅፌ፣ ሳላጠብቅ፣ ሳላላላ፣ በእግሬ ቤት ገባሁ፤
አንጓች እንቁላሉን አይደለም፣ እጄን ነው ያየች።