የክብሪት ቀፎ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሠላሳ አንድ፤
የሊፍቱ ጉድጓድ እስከ ዛሬ አፉን እንደከፈተ ነው።
እኔ ዘበኛው
ጎህ ሲቀድ ከአምፖሉ ሥር የወደቀውን እለቅምና
በክብሪት ቀፎ አድርጌ
አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ።

መቼም ስም ያወጣለት ሰው ጨካኝ ነው፤
የእሳት እራት ብሎት ሄደ፣
እኔም ይኸው በክብሪት ቤት አኖረዋለሁ።

እትዬ ስንዱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ያወርዳሉ።
«ዛሬስ ማን መጣ?»
ጥንዚዛ። ሁለት ፌንጣ። አንድ እግሩን የጣለ ተርብ።
በሸንበቆ ብዕር፣ በጥቁር ቀለም፣
የጥንዚዛውን ጀርባ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ፣
ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ።
«ነጩስ በምን ይሆን?» አልኳቸው አንድ ቀን።
«ነጩን አልሠራውም፤
ካልነካሁት ይበራል።»

ማክሰኞ ለት ግማሽ ክንፏ የተቦጨቀ
አንዲት አመድማ የእሳት እራት አመጣሁ።
«ይሙሏት እንጂ፤ ወረቀት አይደል፣ ምን ይከብድዎታል?»
ዝም አሉኝ።
የክንፏን ትቢያ በነጥብ በነጥብ ተከትለው
ስብራቱ ጋ ሲደርሱ
ብዕራቸውን አነሡ።
የጎደለው በኩል ነጭ ነው።
ቆሜ አየሁት፣ የሰጡኝ ሻይ እስኪቀዘቅዝ፤
ይበራል።

ሐሙስ ማታ ከቱሉ ዲምቱ እስከ እኛ መብራት ሄደ።
ጧት ከአምፖሉ ሥር ማንም የለም።
ባዶውን ቀፎ ይዤ ወጣሁ፣ እንደ ባለዕዳ አንገቴን ደፍቼ።
ከፈቱት። ገለበጡት። በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።
«ተርፈዋላ!» አሉና
ብዕራቸውን አጥበው
መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ አሰጡት።