ጠማማው

ፈርጋና ላይ፣ ጥጡ አፉን ሳይከፍት፣
ማትሉባ አንድ ፍሬ ሰነጠቀች በሌሊት፤
ቀን በምትጠርገው ላቦራቶሪ፣ በአጉሊ መነጽር
ጸጉሩን አየችው፦ ክብ፣ ውሃ ያዘለ ደም ሥር።

ግማሹን ለውርጭ፣ ግማሹን ለፀሐይ ሰጠች።
ውርጭ ያደረቀው ክብ እንደሆነ ቀረ፤
ፀሐይ የመጠጠው ግን
ደረቱ ሟሸሸ፣ ተጣጠፈ፣ ዞረ።
ነከረችው ዳግም፤
አበጠ ጥቂት፣ የጥንቱን ግን አልሆነም፤
የደረቀ ነገር መድረቁን አይረሳም።

ታዲያ እንዝርት ስታሾር ልሙጡ ከዳት፣
ከጣቷ ሾለከ፤
ጠማማው ጠማማውን ጨብጦ
ክር ሆነላት።

ከዚያ፣ ማንም ሳያይ፣
አርባ መኸር ጥጥ ለቅመው የጎበጡ ጣቶቿን
ከመነጽሩ ሥር አኖረች፤
መብራቱን አስተካከለች፤
ሳትቸኩል አየች።