መሰላሉ

በጥቅምት መጨረሻ መጣህ በነጭ መኪና፣
መሰላልህን አቆምክ፤ ወጣህ፣ አየህ፣ ወረድክና፣
"ወይዘሮ ራውቲዮ፣ ጣሪያሽ አርጅቷል" አልከኝ፤
ግማሹን በቅድሚያ፣ በቼክ፣ አስከፈልከኝ።

አሥራ አንድ ሺህ ዶላር። ባሌ በማዕድን መርከብ
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐይቁ ላይ ያፈሰሰው ላብ።
ቼኩን ስፈርምልህ እጄ ጸንቶ ነበር፤
ማመን የለመደ ሰው ምኑን ብሎ ይጠርጥር?

አሮጌውን ክዳን ገፍፈህ በሁለት ቀን፣
ሰማያዊ ሸራ አልብሰህ ቤቴን፣
"ሰኞ እመለሳለሁ" ብለህ ሄድክ ዓርብ ማታ፤
ያ ሰኞ እስከ ዛሬ አልነጋም፣ የኔ ጌታ።

ስልክህ ጠራ፣ ጠራ፤ ኋላም መጥራቱን ተወው፤
በረዶው ቀደመህ፤ ሸራውን ነፋስ በላው።
የቀረው ቅዳጅ ሌሊት ያጨበጭባል፣ ለማን እንደሁ እንጃ፤
ባልዲና ድስት ተሰለፉ ከሳሎን እስከ ደረጃ።

በጥር ደብዳቤ መጣ ከፌደራሉ ፍርድ ቤት፤
ስሜ ከዝርዝሩ መሐል፣ ተራ ቁጥር ሠላሳ ስድስት።
"ዋስትና የሌላት አበዳሪ" ከጎኑ ይላል፤
ጣሪያ የገዛሁ መስሎኝ፣ ለካ አበድሬሃለሁ፤ ይገርማል።
ስሜንም አጣመውታል፤ ራውቲዮ "ራቲኖ" ሆኗል።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉት ነገር አለ፤
ጠጠሩስ በማን ዕድል? እሱም ተከፋፈለ፦
ለባንኩ፣ ለግብሩ፣ ለጠበቃህ፣ ለእንጨት ሻጩ፤
ለእኔ የደረሰኝ አቧራው ነው፣ ብናኙ፣ ፍንጣቂው፣ ፍጩ።

በየካቲት፣ ዱሉዝ መሐል፣ ሦስተኛው ፎቅ ወጣሁ፤
ቆቤን ሳላወልቅ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።
ከሠላሳ ስድስቱ መጣን ሦስት ሰዎች ብቻ፤
የቀሩት ተስፋቸውን አስረው ጥለዋል በስልቻ።

ባለአደራው አስምሎ ጠየቀህ፣ ዓይኑን ከወረቀት ሳያነሣ፦
"መኪና?"
"ባንክ ወሰደው።"
"ቤት?"
"የሚስቴ ነው፣ ከድሮ።"
"ጥሬ ገንዘብ?"
ኪስህን ነካህ፣ ሊከፍል እንዳሰበ ሰው ሞክሮ።

እጅህን አየሁት። አውራ ጣትህ በፋሻ ታስሯል፤
ጥፍርህ በመዶሻ ተመትቶ ጠቁሯል።
ሌባ ነው ብዬ መጥቼ፣ የሠራተኛ እጅ አየሁ፤
ይሄ ነው የባሰብኝ። ጥላቻዬን የት ላድርሰው? የት ልጣለሁ?

"ጥያቄ ያለው?" ሲል፣ ተነሣሁ ከወንበሬ፤
ስንቄ የነበረው ስድብ ጠፋብኝ ከከንፈሬ፤
"የትኛው ሰኞ ነበር?" አልኩህ። አልመለስክም፤
ባለአደራው ይጻፈው፣ አይጻፈው፣ አላውቅም።

ሚያዝያ ላይ፣ ሐይቁ በረዶውን ሲሰብር፣ ሌላ ደብዳቤ፦
"የኪሳራው ንብረት የሆነ
አንድ የአሉሚኒየም መሰላል፣ ባለ ሃያ ስምንት ጫማ፣
ከቤትዎ ግድግዳ ላይ ተደግፎ መገኘቱ ስለታወቀ፣
በአሥራ አራት ቀን ውስጥ እንዲያስረክቡ።"

ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ኩሽና ውስጥ፣ እስኪያመኝ ጎኔ፤
አሥራ አንድ ሺህ ያለኝ፣ ለካ ባለዕዳዋም እኔ!

ጥንት ነው አሉ፤ ባለዕዳና ባለገንዘቡ ተቆራኝተው፣
በአንድ ሰንሰለት ይውሉ ነበር፣ ያድሩ ነበር አብረው።
አንተና እኔን ያቆራኘን ይህ መሰላል ነው፣ ዴል ሆፍስታድ፤
አንተ መውረድ አቃተህ፣ እኔ መውጣት፣ በዚህ ብርድ።

መልስ ጻፍኩ፣ በእርሳስ፦
"መሰላሉ እዚህ አለ። መጥታችሁ ውሰዱ።
የሚወስደው ሰው ግን
አስቀድሞ አንድ ጊዜ ይውጣበት፣
በቀዳዳው ቁልቁል ይይ።
ላም አለኝ በሰማይ አልልም እኔ፤
ሰማዩ ራሱ ወርዶ
ባልዲዬ ውስጥ ተኝቷል።"